የአለቃ ፈንቴ ሁለተኛ ዓይን

ደብረ ታቦር፣ አለቃ ፈንቴ ቢያድግልኝ ቤት፤ የልጆች መጻሕፍት ደራሲዋ ትርሲት፣ በቅርቡ ያረፈችውን የእህታቸውን የሠዓሊ አንጓችን የሕይወት ታሪክ ለልጆች እየጻፈች፣ ሥዕሏን ለመጽሐፉ ፎቶ ልታነሳ መጥታለች፤ አንጓች የሳለችው «እስጢፋኖስ ሲወገር» በሁለቱ መካከል ወንበር ላይ ተደግፏል።

አለቃ ፈንቴ፦ አንዲት ዓይን ጨምሪልኝ ነው ያልኩሽ! ቤት ሥሪልኝ አላልኩ፣ መሬት ስጪኝ አላልኩ።

ትርሲት፦ አለቃ፣ እኔ የመጣሁት የእህትዎን ሥዕል ፎቶ ላነሳ ነው እንጂ ላርም አይደለም።

አለቃ ፈንቴ፦ ዛሬ ኮምፒውተሩ ራሰ በራውን ጎፈሬ ያደርግ የለም እንዴ? ለኔ ሲሆን ነው ዓይን የሚጠፋው?

ትርሲት፦ ልጆቹን ታዲያ ምን ላስተምራቸው? በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው በጎን በአንድ ዓይኑ ይሳላል ብዬ ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ። ማሳያው ይሄ ሥዕል ነው።

አለቃ ፈንቴ፦ ማሳያው እኔ ነኛ! ያ ጢሙ ለሁለት የተከፈለው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ድንጋይ ያነሳው ማን ይመስልሻል? ሱቋ ውስጥ ሰቅላው ገበያ የወጣ ሁሉ አየኝ። በሁለት ዓይኔ እያየኋቸው «አለቃ አንድ ዓይና» ይሉኛል!

ትርሲት፦ ስም ማውጣት ያውቁበታል።

አለቃ ፈንቴ፦ ሳቂ! እስካሁን ያየኝ ገበያተኛ ነው፤ አንቺ ግን አሳትመሽ ለአገሩ ልጅ ሁሉ ልትበትኚኝ ነው። የልጅ ልጄ ማህደር ሁለተኛ ክፍል ናት። መጽሐፉ ትምህርት ቤቷ ይገባል አላልሽም? ገልጣ ስታየኝ ምን ልበላት?

ትርሲት፦ እውነቱን ይንገሯታ። አንጓች የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ መጋረጃ ብቻዋን ሳለች። እርስዎ የኔ እጅ ነው ብለው ሹመቱንም ካባውንም ወሰዱ። «ኧረ የኔ ነው» ብትል፣ ሰይጣን ይዟታል ብለው በገመድ አስረው ጠበል አስገቧት።

አለቃ ፈንቴ፦ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ያኔ ስትጮህ ብታያት አንቺም ታስሪያት ነበር።

ትርሲት፦ የተሰረቀ ሰው ምን ያድርግ? ዝም ይበል?

አለቃ ፈንቴ፦ አባታችን ቀለም መበጥበጥ ያሳያት እኔን እንድታግዝ ነው! ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።

ትርሲት፦ በወንድ ይሰረቃል ቢሉ ያምርብዎታል።

አለቃ ፈንቴ፦ አፍሽን ሰብስቢ! በቁሟ አንድ ቀን በሯን ያላንኳኳሽ፣ ለቅሶዋ ላይ ነው ብቅ ያልሽው። ደግሞስ ያ ሁሉ ስንት ዘመኑ? ሰው አይረሳም?

ትርሲት፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይኸው ስላ ሄደች።

አለቃ ፈንቴ፦ እሺ፣ አንቺስ ያልረሳሽው? ገመዱን ጽፈሻል? ጠበሉን ጽፈሻል? እስቲ ስለኔ ያልሽውን አንብቢልኝ።

ትርሲት፦ «ታላቅ ወንድሟ ሥራዋን አይወድላትም ነበር።»

አለቃ ፈንቴ፦ ከዚያስ?

ትርሲት፦ ይኸው ነው። ገመድ ልጆችን ያስፈራል አለኝ አሳታሚው።

አለቃ ፈንቴ፦ ድንጋይ አያስፈራም? በይ ንገሪኛ! በአንቺ መጽሐፍ እኔ ዓይኔን ያጣሁት ሥዕል ስላልወደድኩ ነው! የሠራሁትን ደብቀሽ ቅጣቴን ብቻ ለሕፃን ታሳያለሽ። ከአንቺስ እሷ ትሻላለች፤ የጠላችኝን ምክንያት ታውቀው ነበር።

ትርሲት፦ ልክ ነዎት።

አለቃ ፈንቴ፦ ልክ ነኝ እንጂ!

ትርሲት፦ አፈርኩ፣ አልዋሽዎትም። ዛሬውኑ ገመዱንም ጠበሉንም እጽፈዋለሁ። አሳታሚው ካልወደደ ሌላ እፈልጋለሁ።

አለቃ ፈንቴ፦ ኧረ ተይ! እኔ እኮ እንደሱ ለማለት…

ትርሲት፦ የቆጡን አወርድ ሲሉ የብብትዎን ጣሉ፣ አለቃ።

አለቃ ፈንቴ፦ እንግዲያው ፎቶ የሚባል የለም! ሥዕሉ በውርስ የኔ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀምጠዋለሁ፤ ብል ይብላው።

ትርሲት፦ አለቃ፣ እባክዎ! ስሟን የጻፈችበት ሥዕል ይሄ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የሚታወቀው በእርስዎ ስም ነው። ይሄ ከቀረ ሠዓሊ እንደነበረች ማን ያምነኛል?

አለቃ ፈንቴ፦ ማንም። ስለዚህ ዓይኔን ስጪኝ፣ ሥዕሉን አንሺ።

ትርሲት፦ እርስዎ ሰው አይደሉም።

አለቃ ፈንቴ፦ እሱንም ጻፊው። ዓይኔን ትሰጫለሽ አትሰጪም?

ትርሲት፦ እሺ።

አለቃ ፈንቴ፦ እሺ አልሽ?

ትርሲት፦ ሁለት ዓይን ይኖርዎታል። መቼም ሠዓሊ ነኝ ይላሉ፣ ዓይን እንደ ቁልፍ ጉንጭ ላይ አይተከልም። ፊትዎ መዞር አለበት።

አለቃ ፈንቴ፦ ይዙራ! ፊት ለፊት፣ እንደ ደግ ሰው።

ትርሲት፦ ትከሻዎም አብሮ ይዞራል። ያነሱት እጅም ይዞራል።

አለቃ ፈንቴ፦ ድንጋዩን አስጥይኛ ታዲያ!

ትርሲት፦ ድንጋዩን ያስያዘችዎ እሷ ናት፤ የማስጥልዎ እኔ አይደለሁም። ዓይን ጠየቁ፣ ዓይን ሰጠሁ።

አለቃ ፈንቴ፦ ቆይ፣ አሁን የምወረውረው በጎን ወደ እስጢፋኖስ ነው። ፊቴ ከዞረ ወደ ማን ልወረውር ነው?

ትርሲት፦ መጽሐፉን ወደ ገለጠው ልጅ። ማህደር ስትገልጠው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ ድንጋይ አንስተውባታል።

አለቃ ፈንቴ፦ በልጅ ልጄ ላይ?

ትርሲት፦ እንዲያዞርዎ ለመጽሐፉ ሠዓሊ ልደውልለት?

አለቃ ፈንቴ፦ ካሜራሽን አውጪ። እንዳለ አንሺውና ከቤቴ ውጪልኝ።