የእትዬ ሐረገወይን ጿሚ ድስት

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እትዬ ሐረገወይን ነገሌ ገበያ መሀል ቆመው ሁለት ካርቶን ብስኩት በአንድ ክንድ ለማቀፍ ይታገሉ ነበር። ብስኩቱ የሞያሌ ነው። ርካሽ ነው፣ ልጅ ይወደዋል፣ እሱን የያዘ ልጅ ደግሞ ዝም ይላል። ሰባት የሰው ልጅ ቤቱ ለሚያውል ሰው ዝምታ ትልቅ ነገር ነው።

እትዬ ልጅ ማዋል የጀመሩት ባላቸው መምህር ሸዋንግዛው ካረፉ ወዲህ ነው። መምህርቷም ነጋዴዋም የቢሮ ሠራተኛዋም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጇን አምጥታ ታስረክባለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጥታ ትወስዳለች። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ልጅ እንኳ ከእጃቸው ወድቆ አያውቅም። ይህን የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ ሰሚ ከተገኘም ይደግሙታል።

ልጅ ያልጣሉት እትዬ ካርቶኑን ግን ሊጥሉት ሲሉ ከኋላ አንድ እጅ ደገፈላቸው። ዘወር ብለው አንዲት ባለመነጽር ወጣት አዩ። መነጽሩን አላወቁትም፤ አፍንጫዋን ግን ስንቴ እንደጠረጉት ስለሚያውቁ ወዲያው ለዩት። ዓይናዲስ ነበረች። በልጅነቷ እሳቸው ቤት ውላ ነው ያደገችው፤ አሁን ሐዋሳ ሄዳ ሥነ ምግብ ተምራ፣ እዚያው ነገሌ ጤና ጣቢያ ከተመደበች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው።

ሲሳሳሙና ሲጠያየቁ ሰላምታው በጣም ከመርዘሙ የተነሳ ቲማቲም ሻጯ መንገዱን ልቀቁልኝ አለቻቸው። እትዬም ለቲማቲም ሻጯ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦

«ይቺን ልጅ አየሻት? በእኔ ሻይና ብስኩት አድጋ ኮሌጅ ጨረሰች» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ውለታዎን መቼም አልረሳም» አለች ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ። «እነዚህን ሁለት መንጋጋዎቼን ያስነቀለኝም ያው ሻይ ነው።» ይህን ብላ ገበያው መሀል አፏን ከፍታ ባዶ ቦታውን አሳየቻቸው።

«አፍሽ ድሮም አርፎ አያውቅም» አሉና ካርቶኑን አሸከሟት።

መንገድ ላይ ወሬው ወደ ልጆቹ ዞረ፤ እትዬም የሆዳቸውን አወጡ። ከልጆቹ ሁሉ የሚሳሱላት ሎኮ ናት፤ የባጃጅ ነጂው የዋሪዮ ልጅ። ከአራት ወሯ ጀምሮ እሳቸው ጋ ነው የዋለችው፤ አሁን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ጾሙ ከገባ ወዲህ ግን ከሳች፤ አንገቷ ቀጠነ፤ ሌሎቹ ሲጫወቱ እሷ ግድግዳ ተደግፋ ታንቀላፋለች። አባቷ ደግሞ ቁርጡን ነግሯቸዋል። በዚህ ሳምንት ካላገገመች ገጠር፣ ዲዳ ሊበን፣ እናቱ ጋ ይወስዳታል። እዚያ ከሄደች እናቷ የምታያት በሳምንት አንዴ ነው። እትዬ ደግሞ ከናካቴው ላያዩዋት ነው።

ዓይናዲስ ሰኞ መጥቼ ልያት አለች። እትዬም ነዪ አሏት። አንድ ነገር ግን ሳይነግሯት ቀሩ።

የቀረው ነገር ወተት ነው። ጾሙ እንደገባ ሰሞን ዋሪዮ አንድ ጠርሙስ የግመል ወተት ይዞ መጣ። በጋው ጠንክሮ ላሞቹ ነጥፈዋል፤ የወንድሙ ግመሎች ግን ይታለባሉ። «ለሎኮ ነው እማማ፣ በየጠዋቱ አመጣለሁ» አላቸው። በእሳቸው ቤት ግን በሁዳዴ ድስቱ ይጾማል፣ ማንኪያው ይጾማል፣ ምድጃውም ይጾማል። በዚያ ላይ የግመል ነው፤ ክርስቲያን ቤት የግመል ወተት ምን ሊያደርግ ይገባል? ይህን ግን ለዋሪዮ ማን ይንገረው? ዋሪዮ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል፣ አንቱታ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው፤ አይሆንም ሊሉት አፈሩ። ስለዚህ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው መርቀው ይሸኙታል፤ ባጃጁ ጥጉን ሲታጠፍ በአጥር ላይ ለባለሱቋ ጎረቤታቸው ለፎዚያ ያቀብሏታል። ፎዚያ ከራሳቸው የተሰጣት እየመሰላት በየቀኑ ትመርቃቸዋለች። ምርቃቱ እንደ እሾህ ይወጋቸዋል፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ይደግማሉ።

ሰኞ ዓይናዲስ መጣችና በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እስከ ምሳ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ለእሷ ይህ ቀላል ጾም አይደለም። አራት ሰዓት ላይ ስኳሩ ማንኪያ የሚያቆም ሻይ ከብስኩት ጋር ታደለ። ስድስት ሰዓት ላይ የሽሮ ፍትፍት በአንድ ትልቅ ትሪ፣ ያው ሻይም በየኩባያው ቀረበ። ሁለቱ ትልልቆቹ አምሀና ሚስጥር እጃቸውን እንደ አካፋ ሰደዱት፤ መካከለኞቹ ትንሽ ነካኩና ተዉት፤ ሎኮ ብስኩቷን እንደጨበጠች ራሷን እትዬ ጭን ላይ ጣለች። ትሪው ባዶ ሆነ። እትዬም «አየሽ፣ ሁሉም በሉ» አሉ።

ልጆቹ ሲተኙ ዓይናዲስ ጾሟን ፈታች።

«እትዬ፣ ትሪው ባዶ መሆኑን አይቻለሁ። ሎኮ ስንት ጉርሻ በላች?»

«እኔ ጉርሻ እቆጥራለሁ እንዴ? ልጅ ሲርበው ይበላል።»

«ይርባት ነበር። አራት ሰዓት ላይ ሆዷን በስኳር ሞሏት። ሆዷ የራሷን ጭብጥ ነው የሚያህለው፤ ስኳሩ ከያዘው ሽሮው የት ይግባ? የበላችውን ትንሽ ነገር ደግሞ ሻዩ ይቀማታል። ከምግብ ጋር ሻይ ሲጠጣ ከምስሩና ከጎመኑ የሚገኘውን ብረት ሰውነት ሳይወስደው ያልፋል። ደሟ የሚያንሰው፣ ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፋትም ለዚህ ይሆናል።»

«ታዲያ መክሰስ ይቅር ነው የምትዪው? ትንሽ ልጅ አስርቤ ላውል?»

«ይኑር እንጂ። እንዲያውም ትንሽ ልጅ አምስት ጊዜ መብላት አለበት፤ ሦስቴ ዋና ምግብ፣ ሁለቴ መክሰስ። ግን መክሰሱም ምግብ ይሁን። ሙዝ፣ ፓፓያ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች። ኦቾሎኒም ይሆናል፤ ፍሬውን ግን አይስጧቸው፣ ያንቃቸዋል፤ አድቅቀው ዳቦ ላይ ይቀቡላቸው። እንደዚህ ያለውን ከምሳ ሁለት ሰዓት ቀድመው ቢሰጧቸው በምሳ ሰዓት ራሳቸው ሳህን ይዘው ይመጣሉ።»

«ሳህን? ልጆቹ አብረው ነው የሚበሉት። እኔ ቤት ልጅ ከልጅ አይለይም።» እትዬ በዚህ ቆፍጠን አሉ። አንዱ እንቁላል ይዞ ሲመጣ ሌላው እያየ ምራቁን አይውጥም፤ ስለዚህ ሁሉም የሚችሉትን ብስኩት ይብሉ ነው ሕጋቸው። ሕጉ ደግ ሕግ ነበር። ደግነቱን ዓይናዲስም አልካደችውም፦

«ፍርድዎ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው ትሪው ነው። ከአምሀ እጅ ጋር የሎኮ እጅ ይወዳደራል? ለየራሳቸው ሳህን እኩል ቢያወጡላቸው ያኔ ነው ልጅ ከልጅ የማይለየው። እንቁላሉንም አንዱ ለራሱ ከሚያመጣ እያንዳንዱ ወላጅ ለሁሉም የሚሆን አንድ አንድ ነገር ያምጣ።»

ዓይናዲስ ይህን ብላ ከቦርሳዋ ቀለም የተቀባ የክንድ መለኪያ አወጣች። የተኛችውን ሎኮን ሳትቀሰቅስ ክንዷ ላይ ጠመጠመችው። አረንጓዴው ጤና ነው፣ ቀዩ ከባድ አደጋ ነው። የሎኮ ቢጫው ላይ ቆመ።

«ቢጫ ምንድን ነው?» አሉ እትዬ፤ ድምፃቸው ቀነሰ።

«ከአሁኑ ከደረስንላት በምግብ ትመለሳለች። ዝም ካልናት ወደ ቀዩ ናት። ወተት ትጠጣለች?»

እትዬ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ነጠላው ደህና ነበር። ይኼኔ በአጥሩ ላይ የታጠበ ባዶ ጠርሙስ ብቅ አለ፤ ከጠርሙሱ ኋላ የፎዚያ ድምፅ። «እትዬ፣ የዛሬውም አላህ ይስጥልኝ። ልጆቼ በእርስዎ ወተት ወፈሩልኝ።»

እትዬ ጠርሙሱን ተቀበሉ። ዓይናዲስ ጠርሙሱን አየች፣ የሎኮን ክንድ አየች፣ ከዚያ እትዬን አየቻቸው። ሳይጠየቁ ሁሉንም ነገሯት።

«ልጆቹን አላስጾምኩም» አሉ በመጨረሻ። «ዕቃዬን ነው። በሁዳዴ ዕቃዬ እንዳይፈስክብኝ ነው።»

«ዕቃዎ ይጹም እትዬ፣ ማንም አይከለክለውም። ግን ድስቱ ሲጾም የከሳችው ሎኮ ናት። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፤ ካላመኑኝ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ግመሉም ቢሆን እርስዎ አይጠጡትም እንጂ ለሎኮ ከጥንት የአባቶቿ ምግብ ነው። ለልጆቹ ብቻ የሚሆን ሌላ ድስት መግዛት ሳይቻል ቀርቶ ነው?»

ለእትዬ ሌላ ድስት የሚባል ነገር በሃያ ቀን ውስጥ አንዴም አልታሰባቸውም ነበር። ሰው አንድ ነገር አይሆንም ብሎ ከቆረጠ በኋላ እንዴት እንደሚሆን አይፈልግም።

ያኔ የባጃጅ ድምፅ መጣ። ሰዓቱ ገና ስምንት ነው። ዋሪዮ ገባና ጎንበስ ብሎ፣ ሰላም ዋሉ ለማለት በኦሮምኛ «ናጋ ኦልታኒ፣ እማማ?» አለ፤ እሳቸውም «ናጋ» አሉት። ሎኮን ሊወስዳት እንደመጣ ነገራቸው። ነገ ጠዋት ዲዳ ሊበን ያደርሳታል። ወተት በየቀኑ እየጠጣች ከከሳች በሽታው የውስጥ ነው፤ እናቱ የምታውቀው ነገር ካለ ትሞክርላት አለ። ዓይኑ ቀልቷል።

እዚህ ላይ እትዬ ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ዓይናዲስ አንገቷን ደፍታለች፤ ልትናገርባቸው አላሰበችም። ልጅቱ ትሄዳለች፣ አያቷ ጋ ወተት ትጠጣለች፣ ትድናለች፤ የእትዬም ስም እንደተከበረ ይቀራል። የሚከፈለው ዋጋ እናትና ልጅ መለያየታቸው ብቻ ነው።

«ዋሪዮ፣ ቁጭ በል» አሉ። «ልጅህ ወተቱን አልጠጣችም። አንድ ቀንም አልጠጣችም። ጾም ነው ብዬ፣ የግመል ነው ብዬ ለጎረቤት ስሰጠው ነው የከረምኩት።»

ዋሪዮ አልተቀመጠም። አማርኛው እንዳልገባው ሁሉ አፋቸውን ያይ ነበር።

«ሃያ ቀን ሙሉ ሰጠሁዎ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀን ‹አልችልም ዋሪዮ› ቢሉኝ ምን ነበረበት? እኔ የልጄ ደም ውስጥ በሽታ ገባ ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

«አፈርኩህ።»

«እኔን አፍረው፣ እሷን?»

እትዬ አለቀሱ። ዋሪዮ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«የባለሱቋ ልጆች ጠጡት?»

«ጠጡት።»

«እንግዲያ አልፈሰሰም» አለና ተቀመጠ። የቦረና ሰው ነው፤ ወተት ልጅ ሆድ ከገባ የማን ልጅ ነው ብሎ አይሟገትም። «አሁን ግን በዓይኔ ስትጠጣ ልያት። እስከ ፋሲካ ልተዋት። እስከዚያ ካልተሻላት እወስዳታለሁ።»

ዓይናዲስ ሮጣ ከፎዚያ ሱቅ አዲስ ትንሽ ድስት አመጣች። እትዬ ከራሳቸው ዕቃ እንዳይቀላቀል ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። ዋሪዮ ባጃጁ ውስጥ ለማታ ያስቀመጠው ወተት ነበረው። እትዬ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የግመል ወተት አፈሉ፤ ገንፍሎ ምድጃው ላይ እንዳይፈስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ሎኮ ተቀሰቀሰች። ጠጣች። ኩባያውን ገልብጣ ውስጡን አየችና እንደገና ዘረጋችው።

በማግስቱ እትዬ የንስሐ አባታቸው ጋ ሄዱ። ካህኑ ስለ ወተቱ ምንም አላሉም፤ የተቆጡት ስለ መደበቁ ነው። ሃያ ስግደት አዘዟቸው፤ እትዬም ጉልበታቸውን እያሹ ሰገዱ።

የዚያን ሳምንት ወላጆች ተሰበሰቡና ዓይናዲስ በአሮጌ ካሌንደር ጀርባ የሳምንቱን ምግብ ጻፈች። ሰኞ ምስር በካሮት፣ ማክሰኞ ቂንጬ በወተት፣ ረቡዕ የተቀቀለ ቦሎቄ ደቅቆ፣ ሐሙስ እንቁላልና ድንች፣ ዓርብ ሽሮ በጎመን፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት። ድንቹንና ጎመኑን ደጋ ቦሬ የሚመላለስ ሹፌር ባል ያላት እናት ላምጣ አለች፤ ጥራጥሬው ለፎዚያ ሆነ፤ ታናሽ ልጇን ከእንግዲህ እትዬ ጋ አውላለሁ ብላለችና። ወተቱ ያው የዋሪዮ ነው። አንዲት እናት የእኔ ልጅ ያለ ሻይ አይሆንለትም ብላ ተከራከረች። ልጁ ሁለት ቀን አለቀሰ፤ በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠይቆ ጠጣ።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አልመጣም። መጀመሪያ የመጣው ረብሻ ነው። ያንቀላፉ የነበሩት ነቁ፣ የነቁት ተደባደቡ፣ ሎኮ አምሀን ነከሰችው። እትዬ ለዓይናዲስ ስልክ ደውለው «ልጆቹን ምን አብልተሽብኝ ነው?» ብለው አማረሩ፤ ሲያማርሩ ግን ይስቁ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የሎኮ ክንድ ከቢጫው ወጣ። በሰሙነ ሕማማት አረንጓዴው መሀል ገባ።

ከፋሲካ በኋላ አንዲት አዲስ እናት ልጇንና አንድ ካርቶን ብስኩት ይዛ መጣች። እትዬ ልጁን ተቀብለው ካርቶኑን መለሱላት። «ስሚኝ የኔ ልጅ» አሏት በተረጋጋ ድምፅ፤ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ብስኩት ልጁን ዝም ያሰኘዋል፣ አያሳድገውም። ጥርሱን ይበላዋል፣ የምሳ ፍላጎቱን ይዘጋዋል። ጥራጥሬ ሥጋውን ይሠራል፤ ጎመኑ ደሙን ይሠራል፤ እንቁላልና ወተት አጥንቱንና ጭንቅላቱን። ምን አምጥቼ ልተባበር ካልሽ ፓፓያ አምጪ። ማምጣት ያቃተሽ ሳምንት ደግሞ አታምጪ፤ ሳህኑ ያው እኩል ነው። የማይመችሽ ነገር ካለም ፊት ለፊት ንገሪኝ፤ እኔም እነግርሻለሁ።» ሴትዮዋ የተማረች ነበረች፤ እትዬን ኮሌጅ የት እንደጨረሱ ጠየቀቻቸው።

የዚያን ቀን ማታ ዋሪዮ ሎኮን ሊወስድ መጣ። ባጃጁን ሳያጠፋ ከበሩ ሆኖ ጠራት። ሎኮ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ድንች እየበላች ነበር። ቀና ብላ አየችውና አፏ እንደሞላ «ቆይ» አለችው።

ዋሪዮ ሞተሩን አጠፋና ደፉ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።