ለሁለት ሰው አንድ አካውንት

«ወንበራችሁ ጥሩ ነው ልጄ፤ ወገብ ይይዛል። የኔ ሱቅ ወንበር ቢሆን ደንበኛው ሳይለካ ነው ተነስቶ የሚሄደው። ሙቀቱስ እንዴት ነው እናንተ ጋ? እኛ ጋ ካውያው ተጨምሮበት... ተዪው።»

አክስትየዋ ይህን ያለችው ለስልክ ሻጯ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከዚሁ ሕንፃ ሥር ነው፤ መርፌዎቿን ከኮሌታዋ ሳትነቅል ነው የወጣችው። አጠገቧ የእህቷ ልጅ ተቀምጣለች፤ በጥርስ ክሊኒክ ለታካሚዎች ቀጠሮ የምትይዝ፣ በቅርቡ የምታገባ። ከልጅቷ ወዲያ ደግሞ እጮኛዋ፣ የኢንሹራንስ ሠራተኛው።

ባንኮኒው ላይ ሁለት ካርቶን።

አንዱ ልጅቷ የለመደችው ዓይነት ነው፣ አንድሮይድ፤ ራሷ መርጣ ከመደርደሪያ ያስወረደችው። ሌላው እጮኛዋ የሚይዘው ዓይነት፣ አይፎን፤ የሠርግ ስጦታ ነው ብሎ ሪባን አሳስሮበታል። የተከፈተው ሪባን ያለው ነው። ስክሪኑ በማን አካውንት ልግባ ይላል። እሱ የራሱን ኢሜይል ጽፎ ጨርሷል። አንድ ላይ ይሻለናል ብሎ። የቀረው አንድ መጫን ነው፤ እሱን አንቺ ተጫኚው ብሎ ስልኩን ወደ እሷ ገፋላት። ከተጫነችው ፎቶዋም፣ መልእክቷም፣ የቆመችበት ቦታም እሱ እጅ ላይ ይታያል።

አውራ ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

አክስቷ አየችው። ማየቷን ግን ለማንም አላስታወቀችም። ወደ ሻጯ ዞረች።

«ስልክ እንዲህ ሲገዛ ባየሁ ቁጥር አንድ የማውቀው ሰው ትዝ ይለኛል... አታውቂውም። እዚህ አካባቢ የለም።»

እጮኛው ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጧል።

«እንዴት ያለ አሳቢ መሰለሽ። አንዲት ልጅ አጭቷል። የለመድኩትን ዓይነት ልግዛ ብትለው፣ ‹ሁለት ዓይነት ስልክ በአንድ ቤት አይሆንም› አላት። እውነቱን እኮ ነው። ሁለት ዓይነት ሰው በአንድ ቤት ይኖራል፤ ሁለት ዓይነት ቻርጀር ግን እንዴት ተደርጎ? ወደ አንተ ዓይነት ስልክ ስሻገር የሚቀርብኝ ነገር የለም ወይ አለችው። አንቺ ሥራሽ ነው፣ አንዳንዱ መልእክት ሳይሻገር ይቀራል አይደል? የጓደኛ ወሬ፣ የእህት ድምፅ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው... ‹የማይሻገረው አያስፈልግሽም› አላት። ቆራጥ ነው። በሰው ነገር ላይ እንዲህ የሚቆርጥ፣ ከኔ መቀስ በቀር አላየሁም።»

ሻጯ ንጹሑን ባንኮኒ በጨርቅ መወልወል ጀመረች።

«ሥራውም የተከበረ ነው። ነገር ሳይሰበር አሰባበሩን መገመት። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ሚስቱን ሳይገምት ያገባል? ልጅቷ አንድ ቀን ልብስ ሰፊ ቤት የሠርግ ቀሚሷን ትለካለች። ልብስ ሰፊዋን አላውቃትም፤ ደህና ሴት ናት ይባላል። ስልክ ይደወላል። የት ነሽ? ልብስ ሰፊ ጋ። ፎቶ ላኪ። ናፍቆት ነው እንግዲህ፣ ሌላ ምን ይባላል? ቀሚሱን አንስታ ላከችለት። ‹የግድግዳው ሰዓት ይግባበት› አላት... አንድ እጅጌ የጎደለው ቀሚስ ለብሳ፣ ጎኗ በመርፌ ተያይዞ፣ ሰዓት ፎቶ ስታነሳ አየኋ... አዩዋት አሉ። እስቲ አንቺ ፍረጂ። ከሙሽራ ቀሚስ ይልቅ ሰዓት የሚያምረው ወንድ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ሰዓቱ ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ በርጩማ ላይ ወጥታ ነበር ያነሳችው። ከዚያ ወርዳ ሳቀች፤ ይወደኛል እኮ ብላ ለራሷ። አክስቷ አፏ ሙሉ መርፌ ይዛ ነበር።

እጮኛው ጉሮሮውን ጠረገ። ምን ይበል? ስለ እኔ ነው ወይ ቢል ማስተባበያው ራሱ ምስክር ሊሆንበት ነው። ዝም ቢል ደግሞ መስማት አለ። ሪባኑን ጣቱ ላይ ይጠመጥም ጀመር።

«ልብስ ሰፊዋንም ለምኗታል አሉ። ቀሚሱ ኪስ ይውጣለት ብሎ። ለስልኳ። ሠርጉ መሀል እንኳ ከጎኗ እንዳይጠፋ... ስልኩ ማለቴ ነው፣ እሱማ አይጠፋም። ድሮ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ ነበር። ይሄ ሰው ጆሮውን ለሚስቱ ስልክ ዘመድ አድርጎላታል። ላም አለኝ በሰማይ ሲባልም ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ ዘንድሮ ሰው ፎቶውንም ደብዳቤውንም ክላውድ ብሎ ሰማይ ላይ ነው የሚያኖረው። ላሟ የልጅቷ፣ ወተቱን የሚያየው እሱ። ከድካም አሳረፋት አይደል?»

ስክሪኑ ደብዘዝ አለ። ልጅቷ ነካችው፤ በራ። የእሱ ኢሜይል እንደተጻፈ ነው።

«ከተዋደዱ አንድ ቁርበት ለስምንት ይበቃል፣ እሱስ ልክ። እሱ ደግሞ ለሁለት ሰው አንድ አካውንት ይበቃል ባይ ነው። በማን ስም ቢሉት... በአንዱ ስም። ስም ምን ያደርጋል? ሁለተኛዋን የሚጠራው እሱ ብቻ ከሆነ፣ ሲፈልግ ‹አንቺ› ይላታላ። በድሮው ስልኳ የጣት አሻራዋን ሲያስገቡም የራሱን ጣት ጨመረበት። ምናልባት ጣቷ ቢታመም ብሎ። እንዲህ ያለ ሩቅ አሳቢ። አዲሱ ስልክ ደግሞ ፊቷን አይቶ ነው የሚከፈተው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ከእሱና ከስልኩ አንዱ እንኳ ፊቷን ያያል።»

ሻጯ ሳቋን በጨርቁ ሸፈነችው።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቀና አለችና እጮኛዋን ለአፍታ አየችው። እሱ ስልኩን ነበር የሚያየው፤ አውራ ጣቷን።

«ጥፋቱ የልጅቷም አይደል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ብለው ይተርታሉ። በሬው ምን ያድርግ? የዘንድሮ ገደል በካርቶን ታሽጎ፣ ሪባን ታስሮለት ነው የሚመጣው...»

አክስትየዋ ቦርሳዋን ከወለሉ አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። የእህቷን ልጅ አላየቻትም። ሊያዩት የማይገባ ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ከበሩ ውጭ ያለውን ደረጃ ታይ ነበር።

የልጅቷ አውራ ጣት ወረደ። ቀጥል የሚለው ላይ ግን አይደለም። የኢሜይሉን ፊደል ከኋላ ጀምራ አንድ በአንድ አጠፋችው። ሳትቸኩል። እጮኛዋ ስሟን ጠራ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ኢሜይሉ ሲያልቅ ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ስልኩን አጥፍታ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው፣ ክዳኑን ገጠመችው፣ ወደ እሱ ገፋችው። ከዚያ ሌላኛው ካርቶን ላይ መዳፏን አሳርፋ ሻጯን አየቻት።

ሻጯ ማሸጊያውን ቀደደች። ያኛውም በራ፣ ያኛውም ያንኑ ጠየቀ። ልጅቷ የራሷን ስም ጻፈች። አንድ ፊደል ተሳሳተች፤ አርማ ተጫነችው።

አክስትየዋ ተነሳች። የሻጯን ትከሻ በፍቅር መታ መታ አደረገች።

«በይ ልጄ፣ በወሬ ሥራ አስፈታሁሽ፤ ገበያሽን ያድምቀው። ያን ሰው እንዲህ ካነሳሁት በኋላ ሳልመርቀው ብሄድ ደግሞ ደግ አይደለም። ስንት አስቦ፣ ስንት ደክሞ... ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጠው። የልቡን መሻት ይሙላለት። ከእንግዲህ ጭንቀት አይንካው። ጠዋትም ማታም፣ ሳይደውል፣ ፎቶ ሳያስልክ፣ ካርታ ሳያይ፣ ሚስቱ የት እንዳለች ሁልጊዜ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ባል ያድርገው...»

በሩን ከፈተች።

«እናቷ ቤት።»