ከበርበሬ በኋላ የተፈጨ ጤፍ

በደርግ ጊዜ ቢቸና ሒሳብ ሳስተምር ነው። ፈንክሽን የሚባለውን ነገር ለተማሪዎቼ በወፍጮ አስረዳሁ። «ጤፍ ካስገባችሁ የጤፍ ዱቄት፣ ሽምብራ ካስገባችሁ የሽምብራ ዱቄት ይወጣል። ለአንድ ግብዓት አንድ ውጤት፤ አለቀ!» ሞጣ ሳለሁ በዚሁ ምሳሌ ስንት ክፍል አስተምሬ ማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እዚህ ግን ጥሩዬ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ እኛ ባለፈው ጤፍ አስገብተን የሚያቃጥል ዱቄት ነው የወጣልን።» ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ። «ወፍጮው ጠንቋይ ነው እንዴ? ቁጭ በይ!»

አላስችል ብሎኝ ቅዳሜ ጤፌን ተሸክሜ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሴቶች እህላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ወደ ወፍጮው የሚጠጋ ግን የለም። «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብላቸው «ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አሉኝ፤ እንዴት ያሉ ትሑቶች ናቸው አልኩ። ወፍጮውን የሚያሠራው ሰውዬ ግን «መምህር፣ አሁን በርበሬ ፈጭቼበታለሁ፤ ሌላ ሰው ቢቀድምዎ ይሻላል» አለኝ። «ያስገባሁት ጤፍ ነው፤ የሚወጣውም ጤፍ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «እንዳሉ» አለና ገለበጠው።

ያንን እንጀራ እያለቀስኩ በላሁት። ለካ እነዚያ ሴቶች የተማሪዎቼ እናቶች ኖረዋል! ሰኞ ጠመኔ አንስቼ «እሺ፣ ጤፍ ካስገባን ምን ይወጣል?» ስል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ መለሰልኝ፦

«ከምን በኋላ፣ ጋሼ?»