ታንኳዎቻችንን ራዳር ላይ ያሰፈሩት ወይዘሮ ማንዛ ኤርዞዋ

የተከበራችሁ የአንዋዛ መንደር ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋዮች፣ ከአክሲም እስከ ሃፍ አሲኒ ታንኳችሁን አሸዋ ላይ አቁማችሁ ሐዘናችንን ለመካፈል የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ የእናታችን ወገን ተመካክሮ ይህን ዜና ሕይወት እንዳነብ የመረጠው እኔን፣ ታናሽ ወንድማቸውን ካኩ ኤርዞዋን ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ከእኔ የተሻለ የሚያነብ ሞልቷል፤ ነገር ግን በሕይወት ሳሉ የእኔን ያህል የተከራከራቸው ሰው ስለሌለ፣ ምስክርነቱም ከእኔ አፍ ቢወጣ ይሻላል ተብሎ ነው።

ወይዘሮ ማንዛ ከታንኳ አለቃው ከአባታቸው ከኤርዞዋ ንያሜኬ እና ዓሣ በማጨስ ከሚተዳደሩት ከእናታቸው ከወይዘሮ አሁባ፣ አገራችን ነፃ በወጣች በአራተኛው ዓመት፣ በዚሁ በአንዋዛ ተወለዱ። በተከታታይ ከተወለዱት ሴቶች ሦስተኛዋ በመሆናቸው ማንዛ ተባሉ። አባታችን ሦስተኛዋም ሴት መሆኗን ሲሰሙ ከሚጠግኑት መረብ ቀና ሳይሉ፣ "ደግ፤ ይችኛዋን ባሕር አስተምራታለሁ" አሉ ይባላል። ሴት ልጅ ታንኳ ላይ መውጣት ስለማይፈቀድላት ትምህርቱ ከአሸዋው ሳይወርድ፣ በጣት እየተጠቆመ የተሰጠ ነበር፤ ሆኖም እኛ ወንዶቹ ቀዝፈን ደርሰን የማንለየውን የውሃ ቀለም እሳቸው ከደረቅ መሬት ቆመው ይለዩት ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራችን፣ ቀጣዩን በአክሲም ተከታተሉ። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የአባታችንን ራዲዮ ፈትተው ሲገጥሙ ሁለት ብሎን ተረፋቸው፤ ራዲዮው ግን ከቀድሞው አጥርቶ ይናገር ጀመር፤ ብሎኖቹንም እናታችን ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው በጨርቅ ቋጥረው ዕድሜ ልካቸውን አስቀመጡ። ከዚያም ታኮራዲ በሚገኘው የቴክኒክ ትምህርት ቤት የራዲዮና የቴሌፎን ጥገና ክፍል ገብተው፣ ከሠላሳ አንድ ወንዶች መካከል ብቸኛዋ ሴት ሆነው በሁለተኛ ማዕረግ ተመረቁ። አንደኛ የወጣው ልጅ ማማ ላይ መውጣት ስለሚያዞረው ሥራውን ትቶ ሱቅ መክፈቱን ሲያወሩ ፊታቸው ላይ ይታይ የነበረውን ፈገግታ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

በስልክ መሥሪያ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት አገልግለዋል። ባለቤታቸውን መምህር አርማን ያገኟቸውም እዚያው ነው። መምህሩ ስልክ ሊደውሉ መጥተው መስመሩ ተቋርጦ ሦስት ቀን ተመላለሱ፤ በአራተኛው ቀን መስመሩ ቢጠገንም መመላለሳቸውን አላቆሙም። በሕግ ተጋብተውም ንዪማንና ቪንሰንትን ወለዱ።

የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ሳሉ መንግሥት በመንደራችን ጉብታ ላይ የባሕር ድንበር መጠበቂያ ጣቢያ አቋቋመ። በረጅሙ ማማ ጫፍ ራዳር ሌት ተቀን ይዞራል፤ ከሥሩ ሩቅ የሚያይ ካሜራ አለ፤ መርከቦችም ስማቸውንና ያሉበትን ቦታ ራሳቸው በሬዲዮ ሲናገሩ የሚሰማ መሣሪያ ተተክሏል። ወይዘሮ ማንዛ የጣቢያው የጥገና ኃላፊ ሆነው ሲቀጠሩ መንደሩ በሙሉ ኮራ፤ እኔ ግን ማማው ዓሣ ያባርራል ብዬ አወራሁ። ዓሣ እንደማያባርር ልቤ ያውቅ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜ በታንኳዬ ከድንበር ማዶ ነዳጅ አመላልስ ስለነበረ መታየቱን አልወደድኩትም። ዛሬ ቄሱ ፊት ተናግሬዋለሁና ቀለለኝ።

በሥራው አንድ ወር እንደሞላቸው ወይዘሮ ማንዛ አንድ ነገር ተመለከቱ። ማለዳ በዓይናቸው ስድሳ ታንኳ ሲወጣ ያያሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግን የብረት መርከቦች ብቻ እንጂ ታንኳ የለም፤ እንጨት የራዳርን ሞገድ መልሶ አያስተጋባምና። ለጣቢያው አለቃ ይህን ሲያመለክቱ፣ አለቃው "ወይዘሮ ማንዛ፣ መሣሪያው እኮ የተገዛው ለትልልቅ መርከብ ነው" አሏቸው።

"የሰዎቻችንን ታንኳ ካላየ፣ የማንን ባሕር ነው የሚጠብቀው?" ብለው መለሱላቸው።

ከዚያም ከተጣለ የጣሪያ ቆርቆሮ ሦስት ሦስት ገጽ እየቆረጡ፣ እንደ ቤት ማዕዘን አጋጥመው፣ ሞገዱን ወደ መጣበት የሚመልስ ነገር ሠሩ። መጀመሪያ ያመጡት ለእኔ ነበር። "ማንዛ፣ አንቺ ደመወዝ ስለሚከፍሉሽ እኔ ራሴ ላይ ቆርቆሮ አስሬ ልዙር?" አልኳቸው። "ራስህ ላይማ አያስፈልግም፤ እሱ ባዶ ስለሆነ ራሱ ያስተጋባል" አሉኝ፤ አሸዋው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ክርክሩን የቋጩት የምነዳው ታንኳ ባለቤት፣ ዓሣ ነጋዴዋ እማማ ኤኩባ ናቸው። "ታንኳው የእኔ፣ ሞተሩ የእኔ፣ መረቡ የእኔ፤ አንተ ያለህ አፍ ብቻ ነው። ይታሰር" አሉ። ታሰረ። ከባሕሩ ዳርቻ እንደራቅኩ ፈትቼ ውሃ መቅጃ አደረግኩት።

በስድስተኛው ዓመት፣ በጥር ወር፣ ሃርማታን የተባለው ደረቅ ነፋስ ከበረሃ አቧራውን አምጥቶ ሰማዩንና ባሕሩን ባንድ ቀለም በቀባበት ሰኞ ረፋድ፣ እኔን ጨምሮ አምስት ሰዎች መረባችንን ጥለን ሳለን፣ ትልልቅ መርከቦች እንዳይገቡ በተከለከለው በታንኳዎች ክልል ውስጥ መረብ የሚጎትት መርከብ ከአቧራው ወጥቶ መታን። ቆሞ አላየንም። ባልንጀራችን ኩዌሲ ብሌይ ወደ ባሕሩ ወደቀ፤ ዳግም አላየነውም። ሞተራችን ሰመጠ፤ ታንኳዋ ተሰነጠቀች፤ ነፋሱም ወደ ውቅያኖሱ መሀል ይገፋን ጀመር። ውሃውን በድስት እየቀዳን፣ ያንን የናቅኩትን ቆርቆሮ በመቅዘፊያ ጫፍ አስረን በየተራ ወደ ላይ ያዝነው። እጃችን ሲዝል እንለዋወጣለን።

ጣቢያው ውስጥ በዚያው ሰዓት ካሜራው ከአቧራ በቀር የሚያሳየው አልነበረም። ወይዘሮ ማንዛ አንዲት ነጥብ ብቅ ስትል፣ ስትጠፋ፣ ደግሞ ብቅ ስትል ተመለከቱ። አለቃው "ማዕበል ነው" አሉ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀምጠው በወረቀት ላይ በየሦስት ደቂቃው ምልክት እያደረጉ፣ "ማዕበል አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይጓዝም፤ ይህ የሚንሳፈፍ ነገር ነው። ጀልባ ይላኩ፤ ከተሳሳትኩ ነዳጁን ከደመወዜ ይቁረጡ" አሉ። አለቃው ጀልባ ላኩ። ከቀትር በኋላ አራታችንን ከውሃ አወጡን። እህቴ ነጥቧ እኔ መሆኔን ያወቁት በጀልባው የመጡት የባሕር ኃይሉ ልጆች ስማችንን በሬዲዮ ሲናገሩ ነው፤ አብረዋቸው የነበሩት እንደነገሩኝ፣ ቀና ሳይሉ "አምስተኛውስ?" ብለው ጠየቁ።

የመታን መርከብ ያን ጊዜ ስሙን የሚናገርበትን መሣሪያ አጥፍቶ ነበር፤ ካፒቴኑም በዚያ ቀን ሠላሳ ማይል ርቄ ነበርኩ ብሎ ካደ። ራዳሩ ግን ስም የለሿን ነጥብ ከታንኳዎቹ ክልል አንስቶ ሳያቋርጥ ተከትሏት ነበር፤ አመሻሹ ላይ መርከቡ መሣሪያውን መልሶ ሲከፍት ነጥቧ ስሟን ተናገረች። ቀረጻው ይህን ሁሉ ይዟል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ግን ራሱን ይደመስሳል።

ከላይ ስልክ ተደወለ። ዛሬ በመካከላችን የተቀመጡት፣ ያኔ የተናገሩትን እንዳነብም ራሳቸው የፈቀዱልኝ አለቃው፣ "ወይዘሮ ማንዛ፣ ጡረታዎ ሦስት ዓመት ነው የቀረው። ምንም አያድርጉ፤ ዝም ብሎ ይደምሰስ" አሏቸው።

"ምንም ላለማድረግማ ማማ መትከል አያስፈልግም ነበር" አሉና ቀረጻውን ገልብጠው፣ መዝገቡ ላይ ሙሉ ስማቸውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ፈረሙ።

በሁለተኛው ወር ቴማ ወዳለው የመለዋወጫ መጋዘን ተዛወሩ። መምህር አርማ በዚያን ጊዜ ታመው ስለነበር፣ በየሳምንቱ አርብ በአውቶቡስ ተጉዘው ይመጡ፣ እሑድ ይመለሱ ነበር፤ አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ ስም ወጥቶለት ተደርድሯል ሲሉ ብቻ ሰምቻለሁ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግማሽ ቀን ቆመው መሰከሩ። የመርከቡ ጠበቃ አንዲት የመንደር ሴት ይህን ሁሉ ከነጥብ እንዴት ልታነብ ቻለች ሲል ጠየቀ፤ ዳኛው እንዲያሳዩ ቢያዝዙ፣ ነጥብ በነጥብ አስረዱ። መርከቡ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ካፒቴኑ ተፈረደበት፤ የኩዌሲ ብሌይ ባለቤትና ልጆችም ካሣቸውን አገኙ። እህቴ ወደ ጣቢያቸው የተመለሱት በዳኛው ትእዛዝ ሳይሆን እሳቸው ካልተመለሱ ሥራ አንገባም ያሉት የአንዋዛ ዓሣ አጫሽ ሴቶች ጣቢያው በር ላይ አራት ቀን በመቀመጣቸው ነው።

ዛሬ ከአንዋዛ እስከ ድንበሩ ባሉት መንደሮች የማንዛ ቆርቆሮ የሌለበት ታንኳ ባሕር አይወጣም። ጡረታ ከወጡ በኋላም ባሕር በሚያርፍበት፣ ማንም በማያጠምድበት ማክሰኞ ቀን ኮኮናት ሥር ተቀምጠው አሠራሩን ለመጣው ሁሉ ያስተምሩ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤታቸውን ቀበሩ። ብዙም ሳይቆይ የስኳር ሕመማቸው ኩላሊታቸውን ጎዳውና በሳምንት ሦስት ቀን ታኮራዲ ደማቸውን የሚያጣራ ማሽን ላይ ይተኙ ጀመር፤ እዚያም ማሽኑ በከንቱ ሲጮህ የላላውን ገመድ ለነርሶቹ በጣታቸው ያሳዩ ነበር። ባለፈው ወር ሁለተኛው ሐሙስ ማለዳ፣ በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ ልጃቸው ንዪማ እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ።

ወይዘሮ ማንዛ ሴት ልጃቸውን ንዪማን፣ ወንድ ልጃቸውን ቪንሰንትን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ ሁለት ታላላቅ እህቶቻቸውን፣ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን፣ እማማ ኤኩባን፣ እና ከባሕር የተመለሱ ሦስት ባልንጀሮቼን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ፤ ኩዌሲ ብሌይንም ባለበት ያስብልን።

ሥርዓቱ ነውና እስካሁን እሳቸው እያልኩ አነበብኩ። ቤታችን ውስጥ ግን እንዲህ ብዬሽ አላውቅም። እትዬ፣ ሳልነግርሽ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አመሰግንሻለሁ። በሰላም እረፊ።