ለአንዲት ጭራ ቲዩነር

የጎባው የመዝሙር ማኅበራችን ሰብሳቢ የተማረ ልጅ ነው። "ጋሼ፣ በጆሮ መቃኘት ቀርቷል። ቲዩነር የሚባለውን የኤሌክትሪክ መቃኛ ካልገዙ እሑድ ማሲንቆ አይመቱም" አለኝ። ማሲንቆዬ ላይ ያለችው አንዲት ጭራ ናት፤ የት ትጠፋብኛለች? ግን ስንት ዓመት እግዚአብሔርን ካመሰገንኩበት ቦታ ሊያስነሳኝ ነው። በጠዋት ማሲንቆዬን ታቅፌ በሚኒባስ ሮቤ ወረድኩ።

የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ባለሱቅ ሙዲን እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚነክሱ ሁለት ቲዩነሮች አወጣና ሁለቱንም ማሲንቆው አንገት ላይ ሰካቸው። "ሲስተካከል አረንጓዴ ይበራል" አለኝ። በመዝሙራችን ዜማ ቃኝቼ መታሁ። አንዱ አረንጓዴ አበራ፤ ሌላው ቀይ።

"የትኛው ነው ልክ?" አልኩት።

"ወላሂ ጋሼ፣ እኔ የማውቀው ስልክ ነው። እርስዎ ሰምተው ይምረጡ።"

"በጆሮዬ?"

"ታዲያ በምን?"

ዓይኔን ጨፍኜ ዜማውን እያንጎራጎርኩ ደግሜ መታሁ። ልኩ አረንጓዴው ነበር፤ እሱን ገዛሁ። ያልተማርኩት እኔ ማሽኑን ፈትኜ አሳለፍኩት! ከእንግዲህ የሱ ምስክርነት አያስፈልገኝም ብዬ ባትሪውን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ።

እሑድ እንደ ልማዴ በጆሮዬ ቃኘሁና ማሽኑን ማሲንቆው አንገት ላይ ሰካሁት። መዝሙሩ እንዳለቀ ሰብሳቢያችን ብድግ አለ።

"ሰማችሁ? ጋሼ ከዚህ በፊት እንዲህ መትተው ያውቃሉ? ቴክኖሎጂ ማለት ይህ ነው!"

ጉባኤው እልል አለ። እኔም ባትሪውን በኪሴ እየዳበስኩ "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።