የሻሼ ምላስ ጉብታ

ከገበያ ስመለስ ፋይሶን መንገድ ላይ አገኘኋት። የጎረቤታችን የሳማታር ልጅ ናት፤ የእንስሳት ጤና ተምራ በቅርቡ ወደ ጅጅጋ ተመልሳለች። ሰላምታ ተለዋውጠን አብረን ስንሄድ ከካሳሁን ግቢ የላም ጩኸት ሰማን። ገባን።

ካሳሁን ከሸዋ መጥቶ እዚህ ሱቅ ከከፈተ ቆይቷል። ላሙ ሻሼ ምሰሶ ላይ ታስራ ለሃጯን ታዝረበርባለች። ከአጠገቧ ከሰል ተቀጣጥሏል፤ የማጭድ ጫፍ ፍሙ ውስጥ ቀልቷል።

«ምን ሊያደርጉ ነው፣ ጋሽ ካሳሁን?» አለች ፋይሶ።

«ምላሷ አብጦባታል፣ ልጄ። ሳር ታነሣና መልሳ ትጥለዋለች። አባቴ እንዲህ ያለውን በእሳት ነበር የሚያድነው።»

«ሳይተኩሱ በፊት ልያት?»

«ምኑን ታይዋለሽ? እጄን ከትቼ ዳስሼዋለሁ። ከኋላ በኩል ጉብ ብሏል፤ ድንጋይ በይው!»

ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ጥጃዋ ገና ሳር አልለመደችም፤ የካሳሁን የልጅ ልጆችም ወተት የሚያገኙት ከሻሼ ብቻ ነበር።

«ጉብታው የተፈጥሮ ነው» አለች ፋይሶ። «የአባቴ ላም ደጅዎ ላይ ናት፤ እሷንም ይዳስሱ።»

ካሳሁን ወጥቶ እጁን ከላሟ አፍ ከተተ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ለካ እሷም ታማለች!»

«ኧረ ደኅና ናት! ይኸው ድርቆሽዎን እየበላች አይደል?»

«የእኔን ድርቆሽ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ገላመጠኝ።

«አንተን ደግሞ ምን ያስቅሃል?»

«በሬህንም ዳስሰው» አልኩት።

ዳሰሰው። በሬውም ጉብታ አለው።

«እንግዲህ የከተማውን ከብት ሁሉ ይተኩሱ!» አለች ፋይሶ።

ካሳሁን ጢሙን አሻሸ። «ታዲያ ይህ ጉብታ ምን ይሠራል?»

«ላም ከላይ የፊት ጥርስ የላትም። ሳሩን ጠቅልላ የምትስበው በምላሷ ነው፤ ጉብታው ደግሞ ሳሩን ከላንቃዋ ጋር ተጭኖ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ምላሷ እንደ ሞረድ ይሻክራል። ሻካራው ወደ ጉሮሮ ያዘነበለ ስለሆነ የገባ እሾህ በቀላሉ አይመለስም። ከጉብታው ፊት ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ እሾህ እዚያ ይሸሸጋል፤ ሻሼንም ሳር የሚያስጥላት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ምላሷን ቢተኩሱት ግን ይደድራል፤ ከዚያ በኋላ ሳር መጠቅለል ያቅታታል።»

ካሳሁን ማጭዱን ከፍሙ አውጥቶ ባልዲ ውስጥ ነከረው።

«እንግዲያው እሾሁን ፈልጊው።»

እኔ ቀንዷን ያዝኩ፤ እሱ ምላሷን ወደ ጎን ሳበ። ፋይሶ ጣቷን ወደ ጎድጓዳው ሰደደች። የግራር እሾህ ነቅላ አወጣች። ቁስሉን በጨው ውሃ አጠበችው።

ወደ ማታ ሻሼ ምላሷን አውጥታ እርጥብ ሳር ጠቀለለች። አልጣለችውም። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ጥጃዋም ተለቀቀችላት። ካሳሁን በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ፣ «ሳማታር! አንተ ልጅህን አስተማርክ፣ እኔ ተጠቀምኩ!» እያለ ሲጮህ ሰማሁት።

እሳት ከማንደድ በፊት አፍ ከፍቶ ማየት፣ የታመመውንም ከደኅናው ጋር ማስተያየት ምንም አያስወጣም። ላሟ ትተርፋለች፤ ጥጃዋ ታድጋለች፤ ከቤት ወተት አይጠፋም።

በሳምንቱ ካሳሁንን ከብት ገበያ አየሁት። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከሀርሺን በመጣ ሰው ላም አፍ ውስጥ እጁን ከትቷል።

«ይቺ ጉብታ የተፈጥሮ ናት፤ እንዳትነኳት!» ይላል።

«ሐኪም ነዎት እንዴ?» አለው ባለላሙ።

«አይደለሁም» አለ ካሳሁን ደረቱን ነፍቶ። «የሐኪም ጎረቤት ነኝ።»