የአያ ምሳው ማሳ አይታረስ

አባቶቼ ካህናት፣ የአገር ሽማግሎች፣ ከዝቋላ ድረስ በእግራችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ እግዚአብሔር ያጽናን። መቃብር ላይ ቆሜ ፈገግ ስል ብታዩኝ አትፍረዱብኝ። እኔ የአያ ምሳው የማሳ ድንበርተኛ ነኝ። እሳቸውን አስቦ ፊቱ የማይፈታ ማን አለ?

ማን ነበር ማረሻውን ሰቅሎ ማሽላ የዘራ? አያ ምሳው ናቸው። ማን ነበር አገዳውን ለከብት ሳይሰጥ ማሳው ላይ አንጥፎ የተወ? አያ ምሳው ናቸው። እኛ ስናርስ፣ ስናገላብጥ፤ እሳቸው በዶማ ጫር አድርገው፣ ዘሩን ጣል፣ አፈሩን መለስ። ታናሽ ወንድማቸው አሳምነው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አያ፣ በሬዎችህ ጡረታ ወጡ እንዴ?» አላቸው። «እነሱስ አርፈዋል፤ መሬቷም ትረፍ» አሉት። ባለቤታቸው ወለተሥላሴ ግን የሰነፍ ሚስት እየተባለች ውኃ መቅዳት እስክትፈራ ደረሰች።

አልዋሽም፤ መጀመሪያ ማሳውን አረም ዋጠባቸው። ከእኛ ያነሰ ምርት ነው ያስገቡት። ተመልሰው ያርሳሉ ብለን ጠበቅን። አላረሱም።

ከዚያ ዝናቡ በመሐል የተቆረጠበት ክረምት መጣ። የእኔ ማሽላ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቆሟል። እሳቸው ወደ ማሳቸው ጠሩኝና የተነጠፈውን አገዳ ገለጥ አድርገው «አፈሩን እስቲ ንኪው» አሉኝ። ነካሁት። ርጥብ ነው። ትል ይርመሰመስበታል። እዚያው ሳቄ መጣ። በዓመቱ እኔም ማረሻዬን ሰቀልሁ።

ታዲያ አሁን ልቤ የሚሮጠው ለምንድን ነው? ትናንት ዝናብ ጣለ። የሐዘንተኛ መሬት ጦም እንዳያድር በሬ አውጥቶ ማረስ ወጋችን ነው። አሳምነው ከቀብር መልስ የወንድሙን ማሳ ሊያርስ ያን ሁሉ ጥማድ ሰብስቦ ከታች አቁሟል። ደግነት ነው። ግን እሳቸው በስንት ዓመት ስድብ ያዳኑትን አፈር በአንድ ጠዋት ልንገለብጠው ነው? ወለተሥላሴን ይሉኝታ ይዟታል። «ለእኔ ብሎ የመጣን በሬ እንዴት ተመለስ እላለሁ?» አለችኝ።

እኔ እላለሁ። አሳምነው ወንድሜ፣ በሬዎቹን ፍታቸው። ዶማ ያለው ዶማውን ይዞ ይምጣ፤ እሳቸው እንደዘሩት እንዝራላት።

ተመልከቱ፣ አንገቱን ነቀነቀ። እሺ ብሏል።

አያ ምሳው፣ እሺ ብሏል። እንግዲህ በሰላም ይረፉ። ብዙ አልቆምም፤ ርጥበቱ ሳያመልጠን እንሂድ።